በሞድ በተሞላ ኬርባል ስፔስ ፕሮግራም ውስጥ የመንኮራኩር ክፍሎችን የሚያዛቡ የፊዚክስ ስህተቶች፦ እንዴት ይለያሉ? እንዴትስ ይታረማሉ?

ኬርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ የሮኬትን አሠራርና የምሕዋርን ሕግ በእጅ የሚሞከር ትምህርት አድርጎታል። ሞዶች (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው የሚጨምሯቸው ማሻሻያዎች) ሲጫኑበት ግን፣ በተለይም ፕላኔቶቹን ወደ እውነተኛ መጠናቸው የሚያሳድጉና አዳዲስ ክፍሎችን የሚጨምሩ ሞዶች ሲበዙበት፣ እንግዳ ነገሮች መታየት ይጀምራሉ። በማስወንጨፊያው ላይ የቆመ ሮኬት ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል፤ በምሕዋር ላይ ያለ ጣቢያ ቀስ በቀስ እየተወዛወዘ ይበታተናል፤ በወረቀት ላይ የተሰላው የፍጥነት ለውጥና በበረራ የተገኘው አይገናኙም፤ በአፍንጫ ሽፋን ውስጥ በደንብ የተሸፈነ ሳተላይት ሽፋኑ እንደሌለ ሁሉ ይነድዳል። ይህን መመሪያ ስጽፍ በአራት ኪሎና በአምስት ኪሎ ግቢዎች ፊዚክስና ምህንድስና እየተማሩ ማታ በላፕቶፓቸው መንኮራኩር የሚገጣጥሙ ወጣቶች በሐሳቤ አሉ፤ በክፍል ውስጥ የተማሩት ቀመር ጨዋታው የት ላይ እንደሳተ ለማወቅ ይበቃቸዋልና።

ብልሽቱ ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ ምንጩ ብዙ ነው። መንቀጥቀጥ ከቁጥር ትክክለኛነት ማነስ፣ ከመጋጠሚያ ድክመት፣ ከክፍሉ የተሳሳተ መጠነ ቁስ ወይም ከጊዜ እርምጃው መርዘም ሊመጣ ይችላል፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። ብዙ ተጫዋቾች የሚያደርጉት፣ ማለትም በሚንቀጠቀጠው ነገር ሁሉ ላይ ስትራት (ክፍሎችን የሚያያይዝ ደጋፊ ዘንግ) መደርደር፣ ምንጩ ሳይታወቅ ምልክቱን መሸፈን ነው፤ የተሸፈነው ስህተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከብዙ ሰዓት ሥራ በኋላ፣ መንኮራኩሩ ሩቅ ፕላኔት ሲደርስ ይመለሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ ምንጩን መለየት፣ በመጨረሻ ማረም ይሁን።

ከምርመራው በፊት

ሴቭ፣ ማለትም የተመዘገበው ጨዋታዎ፣ የሚቀመጥበትን ፎልደር ሌላ ቦታ ይቅዱ። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ጨዋታው ፋይል እየጻፈ ሳለ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ሴቩ ሊበላሽ ይችላል፤ የተበላሸ ሴቭ የሚያመጣውን ችግርም ከፊዚክስ ስህተት ለመለየት ያስቸግራል። ቀጥሎ የጨዋታውን ዋና ፎልደር ሙሉ በሙሉ ቀድተው፣ በቅጂው ውስጥ ካለው የሞድ ፎልደር የጨዋታውን የራሱን ፋይሎች ብቻ አስቀርተው ሌላውን ያውጡ። ጨዋታው ከየትኛውም ፎልደር ይነሣልና ይህ ንጹሕ ቅጂ እንደ ማመሳከሪያ ያገለግላል። ብልሽቱ በንጹሑ ቅጂ ላይም ከታየ ሞዶቹን መውቀስ አያስፈልግም። ካልታየ ሞዶቹን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ብቻ መልሰው ይሞክሩ፤ ብልሽቱ ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት እየከፈሉ ይቀጥሉ። ስልሳ ሞድ ቢኖርዎ እንኳ በስድስት ዙር ያህል ጥፋተኛው ይገኛል። አንዱ ሞድ በሌላው ላይ የሚደገፍ ከሆነ ሁለቱ በአንድ ወገን መቆየት እንዳለባቸው ግን አይዘንጉ።

በዚሁ ጊዜ በጨዋታው ዋና ፎልደር ውስጥ የሚገኘውን የሎግ ፋይል (ጨዋታው የሚያደርገውንና ስህተቱን የሚመዘግብበትን ጽሑፍ) ይመልከቱ። አንድ ዓይነት የስህተት መስመር በሺህ ጊዜ ተደጋግሞ ከተጻፈ፣ ከሞዶቹ አንዱ በየቅጽበቱ እየወደቀ ነው ማለት ነው፤ የክፍሉ ባሕርይ የተዛባውም የሞዱ ስሌት መሀል ላይ ስለተቋረጠ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወደ ፊዚክሱ ከመግባትዎ በፊት ሞዱ ለጨዋታዎ ስሪት የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።

የቁጥሮች ትክክለኛነት

ጨዋታው የተሠራበት ዩኒቲ የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር የእያንዳንዱን ክፍል ቦታ የሚይዘው በ32 ቢት ቁጥር ነው። ከእነዚህ ቢቶች ውስጥ ለቁጥሩ አኃዞች የሚውሉት 24 ያህሉ በመሆናቸው፣ በአሥርዮሽ ሲታይ አስተማማኝ የሚሆኑት ሰባት ገደማ አኃዞች ናቸው። መዘዙን በቁጥር ማየት ይሻላል። የጨዋታው መነሻ ፕላኔት ኬርቢን 600 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ አላት፤ ቦታ ከማዕከሏ ቢለካ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ሊለያዩ የሚችሉት በትንሹ 6.25 ሴንቲ ሜትር ነው። ፕላኔቶቹን በእውነተኛ መጠናቸው በሚያመጣው ሪል ሶላር ሲስተም ሞድ ውስጥ ምድር 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ስላላት፣ አዲስ አበባ ላይ የቆመ ሮኬት ቦታው ከምድር ማዕከል ቢለካ ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ይሆናል። መለኪያው ከፀሐይ ቢነሣ ደግሞ ኬርቢን በምትዞርበት ርቀት፣ ማለትም በ13.6 ቢሊዮን ሜትር ላይ፣ ትንሹ እርምጃ 1,024 ሜትር ነው። በግማሽ ሜትር እየዘለለ ቦታ የሚመደብለት መጋጠሚያ ደህና ሊሆን አይችልም፤ ተጫዋቾች «ክራከን» ብለው የሰየሙት መንኮራኩርን የሚበታትን ክፉ ነገርም በመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ከዚህ የተወለደ ነበር።

የጨዋታው ሠሪዎች መፍትሔ ያደረጉት የመለኪያውን መነሻ ወደ መንኮራኩሩ ማምጣት ነው። መንኮራኩሩ ከመነሻው ሲርቅ ዓለሙ ተመልሶ በእርሱ ዙሪያ ይደረደራል፤ ፍጥነቱ ሲበዛም መንኮራኩሩ ቆሞ ሌላው እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል። የምሕዋሩ ስሌት ለብቻው በ64 ቢት ቁጥር ይያዛል። ሆኖም ስህተቱ ተቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በኬርቢን ዝቅተኛ ምሕዋር አንድ መንኮራኩር በአንድ የፊዚክስ እርምጃ፣ ማለትም በ0.02 ሰከንድ፣ 45 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በእውነተኛው መጠን ባለች ምድር ዙሪያ ግን በዚያው ጊዜ 150 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ64 ቢት የተሰላው ምሕዋርና በ32 ቢት የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ትናንሽ የማጠጋጋት ስህተቶች ስለሚፈጠሩ፣ ፕላኔቶችን የሚያሳድግ ሞድ ያለው ሰው ይህን ይበልጥ ያያል።

እንግዲህ መንቀጥቀጡ ከዚህ መምጣቱ በምን ይታወቃል? ያንኑ መንኮራኩር በሦስት ቦታ ያስቀምጡት፦ በማስወንጨፊያው ላይ፣ በዝቅተኛ ምሕዋርና ከፕላኔቶች ርቆ በፀሐይ ዙሪያ። ሞተሮቹን አጥፍተው፣ አቅጣጫ ማረጋጊያውንም ዘግተው ይመልከቱ። መንቀጥቀጡ በሦስቱም ቦታ እኩል ከሆነ ምንጩ መጋጠሚያ ነው፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፉ። ከፍጥነቱና ከርቀቱ ጋር እያደገ ከሄደ ግን የቁጥር ትክክለኛነት ጉዳይ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው መንኮራኩሩን አጭርና ክፍሉ ጥቂት ማድረግ ነው፤ ከመነሻው ብዙ መቶ ሜትር የሚርቅ ክንድ ያለው ጣቢያ በጫፉ ላይ የባሰ ስህተት ይሸከማል። ምሕዋሩ ራሱ ያለ ሞተር በጥቂቱ ሲለዋወጥ ካዩ ደግሞ በጨዋታው ቅንብር ውስጥ የምሕዋር መንሸራተትን የሚያካክሰው ምርጫ መብራቱን ያረጋግጡ።

ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጨዋታው በምሕዋር ላይ የሌላውን መንኮራኩር ክፍሎች የሚጭነው በሚበረው መንኮራኩር ዙሪያ ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ፊዚክሱን ክፍል በክፍል ማስላት የሚጀምረውም ወደ 200 ሜትር ሲቀርብ ነው። 2.5 ኪሎ ሜትሩ ከመስቀል አደባባይ እስከ አራት ኪሎ በቀጥታ መስመር ያለውን ርቀት ያህላል። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ በተሰላ ሐዲድ ላይ የሚሄድ አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ሁለት መንኮራኩሮች ሊገናኙ ሲቃረቡ ዒላማው ድንገት ዘልሎ ከተወዛወዘ፣ ከሐዲዱ ወርዶ ክፍሎቹ በፊዚክስ መሰላት የጀመሩበት ቅጽበት ነው። እስኪረጋጋ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ እንጂ በዚያ ቅጽበት ሞተር አይንኩ።

መጋጠሚያዎች

ከሁሉም በላይ ብዙ ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። በጨዋታው ውስጥ መንኮራኩር አንድ ግትር አካል አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መጠነ ቁስ ያለው አካል ሆኖ ከአንድ ወላጅ ክፍል ጋር ብቻ ይጋጠማል፤ ጠቅላላው ቅርጽም እንደ ዛፍ ከሥር ክፍሉ ወደ ቅርንጫፎቹ ይወጣል። ቅርንጫፎች ተመልሰው አይገናኙም፤ በዓይን የተገናኙ የሚመስሉ ሁለት ክንዶች በፊዚክሱ ውስጥ ነጻ ናቸው። የፊዚክስ ሞተሩ መጋጠሚያዎቹን የሚፈታው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተወሰነ ድግግሞሽ እየተጠጋ ነው። በመጋጠሚያው ሁለት ወገን ያሉት መጠነ ቁሶች በጣም ሲራራቁ ድግግሞሹ አይበቃም፤ መጋጠሚያውም እውነተኛ ብረት ፈጽሞ በማያደርገው መንገድ ይለጠጣል።

በተግባር የምመክረው፣ ጎን ለጎን የተጋጠሙ ክፍሎች የመጠነ ቁስ ጥምርታ ከአሥር ለአንድ እንዳይበልጥ ነው። 50 ኪሎ ግራም በሚመዝን መለያያ (የሮኬቱን ደረጃዎች የሚያላቅቅ ክፍል) ላይ 40 ቶን ታንክ የሚሸከም ሮኬት ጥምርታው 800 ለ1 ነው፤ በዚያ ቦታ መወዛወዙም የማይቀር ነው። ሞዶች ይህን ያባብሳሉ፤ እጅግ ግዙፍ ታንኮችን የሚያመጣ ሞድና እጅግ ቀላል አስማሚዎችን የሚያመጣ ሌላ ሞድ በአንድ ሮኬት ላይ ሲገናኙ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ሆነው ሳለ መገጣጠማቸው ይበላሻል። የመጀመሪያው እርምት የአገጣጠም ቅደም ተከተልን መቀየር ነው፦ ትናንሾቹ ክፍሎች በትላልቆቹ መካከል ድልድይ እንዳይሆኑ ያድርጉ፤ የሥር ክፍሉም ከከባዶቹ አንዱ እንዲሆን ይምረጡ።

ይህ ካልበቃ የጨዋታው የራሱ መሣሪያ አለ። በቅንብሩ ውስጥ የላቁ ማስተካከያዎችን ሲያበሩ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ አውቶስትራት የሚባል ምርጫ ይታያል፤ ይህም የማይታይ ተጨማሪ መጋጠሚያ ይፈጥራል። ከከባዱ ክፍል ጋር፣ ከሥር ክፍሉ ጋር ወይም ከአያት ክፍሉ፣ ማለትም ከወላጁ ወላጅ ጋር ማሰር ይቻላል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው የአያት ክፍሉን ነው። «ከባዱ ክፍል» የሚለው ምርጫ ነዳጅ ሲያልቅ ወይም ሌላ መንኮራኩር ሲጣመር ከባዱ ክፍል ሌላ ስለሚሆን፣ መጋጠሚያው በበረራ መካከል ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ በዚያ ቅጽበት የሚፈጠረው ድንገተኛ ኃይልም ጣቢያ ሊሰብር ይችላል። የአያት ክፍል ግን በነዳጅ መጠን አይለወጥም። ማጠፊያና ተንሸራታች ክፍሎች ባሉበት መንኮራኩር ላይ ደግሞ አውቶስትራት ማጠፊያውን ተሻግሮ እንዳይታሰር መጠንቀቅ ግድ ነው፤ አለዚያ ሞተሩ ሊያንቀሳቅስ ሲታገል መጋጠሚያው ሲከለክለው ክፍሎቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። የተጣመመው ቦታቸውም ከሴቩ ጋር አብሮ ከተመዘገበ፣ በተከፈተ ቁጥር ጥምመቱ ይጨምራል።

መጋጠሚያን የሚያጠናክሩ ሞዶችም አሉ፤ ኬርባል ጆይንት ሪኢንፎርስመንትና ከእርሱ የወጡት ተተኪዎች የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ካለዎ በየክፍሉ ላይ አውቶስትራት መጨመርን ይተዉ፤ አንዱን ሥራ ሁለት መሣሪያ ሲሠራው የብልሽቱን ምንጭ ለመለየት የማይቻል ይሆናል። አንዱ ክፍል ብቻ ሁልጊዜ ከቦታው የሚገነጠል ከሆነ ግን ጥፋቱ የክፍሉ ባሕርያት በተጻፉበት ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የመጋጠሚያውን መሰበሪያ ኃይልና መሰበሪያ ጠምዛዥ ኃይል የሚወስኑትን መስመሮች በመጠን ከሚመሳሰል የጨዋታው የራሱ ክፍል ጋር ያነጻጽሩ።

የጊዜ እርምጃም ከመጋጠሚያ ጋር የተያያዘ ነው። ፊዚክሱ የሚሰላው በየ0.02 ሰከንዱ ነው። በከባቢ አየር ውስጥ ጊዜን በአራት እጥፍ ሲያፋጥኑ ጨዋታው ስሌቱን አራት ጊዜ አያበዛም፤ እርምጃውን ወደ 0.08 ሰከንድ ያረዝማል። መጋጠሚያ ደግሞ በረጅም እርምጃ ሲሰላ ይላላል። ስለዚህ በፊዚክስ ማፋጠን ጊዜ ብቻ የሚፈርስ ሮኬት ጉድለት አለበት ብለው ከመደምደምዎ በፊት በመደበኛው ፍጥነት ያብሩት። ከዚህ የሚለየው የሰዓቱ ቢጫ መሆን ነው፤ አቅሙ አነስተኛ በሆነ ላፕቶፕ የሚጫወት ሰው ብዙ ጊዜ ያየዋል። ቢጫ ሰዓት ኮምፒውተሩ ስሌቱን በጊዜው ስላልጨረሰ የጨዋታው ጊዜ ከግድግዳው ሰዓት ቀርቷል ማለት ነው፤ እርምጃው ግን ያው 0.02 ሰከንድ ነው። በረራው አሰልቺ ይሆናል እንጂ ስሌቱ አይበላሽም፤ መድኃኒቱም የክፍሎችን ብዛት መቀነስ ነው።

መጠነ ቁስና ማዕከሉ

በኮንፊግ ፋይል ውስጥ መጠነ ቁስ የሚጻፈው በቶን ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ክፍል 0.25 ተብሎ መጻፍ አለበት፤ በኪሎ ግራም ያሰበ ሞድ ሠሪ ግን አንድ ዜሮ ወይም ሦስት ዜሮ ሊስት ይችላል። ይህን በቀላሉ የሚያጋልጠው የሮኬት ቀመር ነው። የጨዋታው የራሱ ኤፍኤል-ቲ400 ታንክ ሙሉ ሲሆን 2.25 ቶን፣ ባዶውን 0.25 ቶን ይመዝናል፤ 400 አሃድ ነዳጅና ኦክሲዳይዘር በአሃድ 5 ኪሎ ግራም ሲባዛ 2 ቶን ስለሚሆን ሒሳቡ ይገጥማል። በዚህ ላይ 0.5 ቶን የሚመዝነውን ቴሪየር ሞተርና 1 ቶን ጭነት ይጨምሩ፦ መነሻው 3.75 ቶን፣ መድረሻው 1.75 ቶን ይሆናል። የሁለቱ ጥምርታ 2.143 ሲሆን የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ 0.762 ነው፤ ይህን በሞተሩ የነዳጅ ቅልጥፍና መለኪያ፣ ማለትም በ345 ሰከንድ (ስፔሲፊክ ኢምፐልስ)፣ እና በመሬት ስበት ፍጥንጥነት 9.80665 ሲያባዙት በሰከንድ 2,578 ሜትር ገደማ ይወጣል። ያንኑ ሮኬት በምሕዋር ላይ ነዳጁ እስኪያልቅ ያንድዱና ውጤቱን ያመሳክሩ። የተገኘው ከተሰላው ከጥቂት በመቶ በላይ ከራቀ አንዱ ክፍል የማያሳየው መጠነ ቁስ አለው፤ ወይም ከሞዶቹ አንዱ የነዳጁን እፍጋት ለውጦታል። ሪል ፉልስ የተባለው ሞድ የነዳጁን አሃድ ሊትር ስለሚያደርገው፣ ለእርሱ ያልተዘጋጀ ታንክ አብሮት ሲገኝ ይህን መሰል አለመጣጣም ይከሰታል።

ከዚህ ይልቅ የሚያታልለው ፊዚክስ የለሽ ክፍል ነው። ስሌት ለማቅለል ሲባል አንዳንድ ትናንሽ ክፍሎች የራሳቸው አካል አይሰጣቸውም፤ መጠነ ቁሳቸው በወላጃቸው ላይ ይደመራል። ወላጁ ረጅም ክንድ፣ ልጁ ደግሞ በጫፉ ላይ ያለ አንቴና ከሆነ፣ የአንቴናው ክብደት ካለበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ክንዱ ማዕከል ይዛወራል። አሥር ኪሎ ግራም ለሚመዝን መሣሪያ ይህ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ሞድ ግማሽ ቶን ባትሪን በዚህ መንገድ ካስመዘገበው የመንኮራኩሩ ማዕከል በግልጽ ይዛባል። ለመፈተሽ መንኮራኩሩን በምሕዋር ላይ አድርገው፣ ማረጋጊያውንና የአቅጣጫ ጎማዎችን (በመሽከርከር መንኮራኩሩን የሚያዞሩትን) ሁሉ አጥፍተው፣ ዋናውን ሞተር በዝቅተኛ ኃይል ያንድዱ። የሞተሩ ገፊ ኃይል በማዕከሉ ውስጥ ካለፈ መንኮራኩሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መዞር ከጀመረ ማዕከሉ ካሰቡት ቦታ የለም። እርምቱ የኮንፊግ ፋይሎችን በማስተካከያ ፋይል በሚለውጠው ሞጁል ማኔጀር በተባለ ሞድ አማካይነት የክፍሉን ፊዚክስ የለሽነት የሚያውጀውን መስመር መሰረዝ ነው። የሞዱን የራሱን ፋይል አይንኩ፤ ሞዱ ሲታደስ እርማትዎ ይጠፋልና በተለየ የማስተካከያ ፋይል ይጻፉት።

ታንኮችም የራሳቸው ስህተት አላቸው፤ ይህኛው ግን ከሞድ ሳይሆን ከጨዋታው ነው። ነዳጅ ሲቀንስ የታንኩ መጠነ ቁስ ይቀንሳል፤ ማዕከሉ ግን ከታንኩ መካከል አይነቃነቅም። 10 ሜትር ቁመት ባለው ታንክ ውስጥ ሩብ ነዳጅ ሲቀር፣ ሞተሩ እየገፋው ያለ እውነተኛ ነዳጅ ታች ተኝቶ ማዕከሉ ከመሠረቱ 1.25 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ጨዋታው ግን 5 ሜትር ላይ ያስቀምጠዋል። የ3.75 ሜትር ልዩነት ለሚወርድ ደረጃ ወይም ወደ ከባቢ አየር ለሚመለስ አካል ትልቅ ነው። ወደ እውነቱ ለመቅረብ አንዱን ረጅም ታንክ በበርካታ አጫጭር ታንኮች ይተኩና በነዳጅ ቅድሚያ ምርጫው ላይኛው መጀመሪያ እንዲያልቅ ያድርጉ።

ትዊክስኬል ክፍሎችን ለማሳደግና ለማሳነስ የሚያገለግል ሞድ ነው። መጠኑ በእጥፍ ያደገ ነገር ስፋቱ አራት እጥፍ፣ ይዘቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ የታንክ ክብደት ይዘቱን፣ የሞተር ገፊ ኃይል ስፋቱን ሊከተል ይገባል። ሞዱ ለማያውቀው ክፍል ይህ ሕግ ላይጠበቅ ስለሚችል፣ ያሳደጉትን ማንኛውንም ክፍል ከላይ ባሳየሁት የሮኬት ቀመር ፈትሹት።

አየር

እስከ 1.0 ስሪት ድረስ፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.፣ ጨዋታው የአየር ጎታች ኃይልን የሚያሰላው በክፍሉ መጠነ ቁስ ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለእያንዳንዱ ክፍል ስድስት ገጽ ያለው የድራግ ኪዩብ ይሠራል። ኪዩቡ በየገጹ ያለውን ስፋት ይይዛል፤ ክፍሎች በመጋጠሚያ ነጥባቸው ፊት ለፊት ሲገናኙ የተሸፈነው ስፋት ይቀነሳል። ከዚህ የሚከተለው ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር፣ ክፍልን በማንሸራተቻ መሣሪያ ወደ ሌላ ክፍል ውስጥ መቅበር ጎታች ኃይሉን የማይቀንስ መሆኑ ነው። ለዓይን የተሰወረው ታንክ ለአየሩ እንደተጋለጠ ይቆያል።

የተሠሩት ኪዩቦች በጨዋታው ዋና ፎልደር ውስጥ ባለው የክፍሎች ዳታቤዝ ፋይል ይቀመጣሉ። ሞድ ካደሱ በኋላ አንድ ክፍል ያለ ምክንያት ከባድ ጎታች ካሳየ፣ ይህን ፋይል ሰርዘው ጨዋታውን እንደገና ያስነሡ። የመጀመሪያው ማስነሻ ይረዝማል፤ ኪዩቦቹ ግን በአዲስ ይሠራሉ። በበረራ ጊዜ ኤፍ12ን ሲጫኑ የአየር ኃይሎቹ በቀስት ይታያሉ። በአፍንጫ ሽፋን ወይም በጭነት ክፍል ውስጥ ካለ አካል ቀስት ሲወጣ ካዩ ሽፋኑ ያንን አካል አልሸፈነውም፤ በሞድ ክፍሎች ላይ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የጭነት ክፍሉ ኮንፊግ ውስጥ የተጻፈው የፍለጋ ማዕከልና ሬዲየስ ከክፍሉ እውነተኛ መጠን ጋር አለመመጣጠኑ ነው። ፌራም ኤሮስፔስ ሪሰርች የተባለውን ሞድ የጫነ ሰው ግን ኪዩቦቹን ይርሳ፤ ሞዱ የመንኮራኩሩን ጠቅላላ ቅርጽ በጥቃቅን ኩቦች ሞልቶ ስለሚያሰላ የተቀበረው በእርግጥ የተቀበረ ይሆናል።

የሞተር ኃይልም በአየር ግፊት ይለወጣል። እውነተኛ ሞተር በከባቢ አየር ውስጥ የሚያጣው ኃይል ከግፊቱ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። ኤልቪ-ቲ30 በሕዋ 240፣ በባሕር ወለል 205 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይሰጣል። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለና የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በሆነበት ቦታ ከ213 ኪሎ ኒውተን ብዙ መራቅ የለበትም። ከሞድ የመጣ ሞተርን በዚሁ መንገድ በሁለትና በሦስት ከፍታ ፈትሹ፤ መሀል ላይ የሚጎብጥ ወይም ከሕዋ ኃይሉ የሚያልፍ ካለ የግፊት ሠንጠረዡ የተሳሳተ ነው።

ሙቀት ባጭሩ

ጨዋታው ለክፍሎች አንድ መደበኛ የሙቀት አቅም፣ በኪሎ ግራም በኬልቪን 800 ጁል፣ መነሻ አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ መጠነ ቁሱ ከሚገባው በታች የተጻፈ ክፍል በቀላሉ ግሎ ይፈነዳል፤ የሙቀቱ ስህተት በእርግጥ የመጠነ ቁስ ስህተት ነው። ከ1.0 በፊት የተሠሩ ሞዶች ደግሞ ዛሬ ከሚለመደው ከፍ ያለ የሙቀት ጣሪያ ይዘው ሊመጡ ስለሚችሉ፣ የማይቃጠል ክፍል ካገኙ ይህን መስመር ይመልከቱ። ኤፍ11 የሙቀቱን ካርታ በቀለም ያሳያል።

ሊታረም የማይገባው

አንዳንዱ ስህተት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ይህን ከብልሽት መለየት ያስፈልጋል። የጨዋታው አዮን ሞተር 2,000 ኒውተን ይገፋል፤ ናሳ ወደ ቬስታና ሴሬስ በላከው ዶውን መንኮራኩር ላይ የነበረው ሞተር ግን በሙሉ ኃይሉ 0.09 ኒውተን ያህል ብቻ ነበር። ልዩነቱ ከሃያ ሺህ እጥፍ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በጨዋታው ከፍተኛ የጊዜ ማፋጠን ሞተር ማንደድ ስለማይፈቀድ፣ እውነተኛው ኃይል ተጫዋቹን ለወራት ያስቀምጠው ነበር። የአቅጣጫ ጎማዎችም በፍጹም አይጠግቡም፤ እውነተኞቹ ግን የሚያከማቹት ሽክርክር ወሰን ስላለው በሌላ መንገድ ማራገፍ ያስፈልጋቸዋል። ታንኮቹም ከእውነተኛው ይልቅ ከባድ ናቸው፦ የጨዋታው ታንክ የባዶውን ስምንት እጥፍ ነዳጅ ሲይዝ፣ 26.5 ቶን የሚመዝነው የስፔስ ሸትል የመጨረሻው ውጫዊ ታንክ ግን ከ700 ቶን በላይ ይይዝ ነበር። ይህ ለትንሿ ኬርቢን የተመጠነ ነው። ፕላኔቶችን ብቻ አሳድጎ ክፍሎቹን እንዳሉ የተወ ተጫዋች ከምድር ለመነሣት የሚያስፈልገውን ወደ 9,400 ሜትር በሰከንድ ማግኘት ሲያቅተው ሞዱን ይወቅሳል፤ የሚያስፈልገው ግን ክፍሎቹንም ወደ እውነተኛው ልክ የሚያመጣው ሪያሊዝም ኦቨርሆል ነው።

ከዚህ ወገን ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታዩዋን የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ናት። በ628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ከፀሐይ ጋር በሚጣጣም ምሕዋር፣ ማለትም ገጹ ከፀሐይ ጋር ያለውን አንግል ጠብቆ በሚዞር ምሕዋር፣ እንድትዞር ነበር የተላከችው። በሪል ሶላር ሲስተም ይህን ምሕዋር ለመሥራት ዝንባሌውን 97.9 ዲግሪ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አንድ ዙርም 97 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ነገር ግን ሁሉን ነገር በትክክል ቢያደርጉም ምሕዋሩ ከፀሐይ ጋር አይጣጣምም። የምሕዋሩ ገጽ በቀን 0.986 ዲግሪ ያህል የሚዞረው ምድር በወገቧ ትንሽ ስለምታብጥ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ፕላኔቶችን ፍጹም ክብ አድርጎ፣ በአንድ ጊዜም የአንዱን ስበት ብቻ ስለሚያሰላ ገጹ ለዘላለም ባለበት ይቆማል። ይህ የክፍል ብልሽት አይደለም፤ በስትራትም በኮንፊግም አይታረምም።

ለዚህ የሚያገለግለው ፕሪንሲፒያ የተባለው ሞድ ነው፤ የሁሉንም አካላት ስበት በአንድ ላይ ያሰላል፤ የምድርንም እብጠት ያውቃል። ከጫኑት በኋላ ሳተላይቱን በተጠቀሰው ከፍታና ዝንባሌ ያስቀምጡ፣ የምሕዋሩ መውጫ ነጥብ (የምድርን ወገብ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሻገርበት) በከዋክብት መካከል ያለበትን አንግል ይመዝግቡና ጊዜውን አሥር የምድር ቀን ያስኪዱ። አንግሉ 9.9 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ከተዛወረ ሥራው ትክክል ነው። ወደ ምዕራብ ከተዛወረ ሳተላይቱ የተላከው በ97.9 ሳይሆን በ82.1 ዲግሪ ነው፤ አቅጣጫውን አስተካክለው እንደገና ያምጥቁ። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ሞዱ አልተነሣምና ወደ ሎግ ፋይሉ ይመለሱ።